ፋንታው ያልማለው መሐላ

የፋንታውን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ግርግሩ ነው፣ ሕዝቡ ነው የሚሉ አሉ፤ ውሸታቸውን ነው። ዱላው የእኔ ነበር፣ ክንዱም የእኔ። ገሰሰ እባላለሁ፤ ከጋፋት በላይ ያለውን የሚካኤልን ተራራ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ቁጣዬን አገር ያውቀዋል። እናቴ "ይኸ ልጅ ተናዶ ነው የተወለደ" ትል ነበር፤ እኔም እንደ ምርቃት ይዤው ኖርሁ። አሁን ይህን የምናገረው ልጄ መክሊት ፈቅዳልኝ ነው።

ፋንታው አበልጄ ነው። መክሊትን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያነሣቻት ሚስቱ ናት፤ እሱም ክርስትና አባቷ ሆነ። በእኛ አገር አበልጅን መምታት ወንድምን ከመምታት ይከፋል።

ነገሩ ከምንጩ ይጀምራል። ከሚካኤል በታች ያለው ምንጭ በአባቶቻችን ጊዜ በጋ ከክረምት አይነጥፍም ነበር። ተራራው ተራቁቶ ባሕር ዛፍ ከወረሰው ወዲህ ግን የካቲት ላይ አንድ እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን መቀመጥ ሆነ። ሰንበቴ ላይ መከርን። ከምንጩ አናት ባሕር ዛፍ ይነሣ፣ ተራራው ከከብት ይከለል፣ የጥንቱ ዛፍ ይመለስበት ተባለ፤ ወይራው፣ ጽዱ፣ ኮሶው። ዘሩን ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ለቅመን ችግኙን ራሳችን አፈላን። ጠባቂ ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ቁጡ ሰው ለጥበቃ ይሆናል ብለው ነው።

ከምንጩ አናት ያለው ባሕር ዛፍ ደግሞ የልጄ ነበር። መክሊት አምስት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ላቧን ያፈሰሰችው እዚያ ላይ ነው። በገዛ እጇ ተከለችው፤ ሁለት በጋ ውኃ እየተሸከመች አጠጣችው። ሲደርስ ሸጣ ደብረ ታቦር ልብስ ስፌት ልትከፍት ነበር። እኔ ሳልጠይቃት ጉባኤው ፊት ተነሥቼ "የልጄን ራሴ እቆርጠዋለሁ" አልሁ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባል የለ?

ግንቦት ላይ ምሳሬን ይዤ ወጣሁ። እየሮጠች ደረሰችብኝ።

"አባዬ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የቀረው! ይተውልኝ!" ብላ ግንዱን አቀፈችው።

ሰው እያየ በጥፊ መታኋት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ ነጠላዋ ላይ ወረደ። ከዚያ ቁጭ ብላ እያየችኝ አንድ ባንድ ቆረጥሁት። አላለቀሰችም። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር።

ፋንታው ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ "አበልጅ፣ ከዛፉ ጋር ልጅቱንም ቆረጥሃት" አለኝ። ከበራፌ አባረርሁት።

ሐምሌ ገባ። ጉድጓዱ ቀድሞ ተቆፍሮ ስለነበር የተከላው ዕለት ደብሩ ሁሉ ወጣ። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በሚኒባስ መጡ፤ በጭቃው ሲንሸራተቱ ሴቶቹ ይስቁባቸው ነበር። እኔ በየጉድጓዱ እየዞርሁ "ፕላስቲኩን ቀዳችሁ አውጡት፣ ሥሩን አታንቁት!" እያልሁ እጮኻለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ የፋንታው ጊደር አጥሩን ጥሳ ገባች። አንድ ወይራ ስትነጭ አየኋትና ድንጋይ አነሣሁ። የፊት እግሯን አገኘኋት፤ ሲሰበር ድምፁ ተሰማ። እንስሳይቱ በሦስት እግሯ ቆማ ስታጓራ ፋንታው ደረሰ። እዚያው ማረድ ግድ ሆነበት። ቢላዋውን ከጊደሯ አንገት አውጥቶ፣ እጁ እስከ ክርኑ ደም ሆኖ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ "ገሰሰ! ከዚህ ችግኝ አንድ አይጽደቅልህ!" አለኝ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያችን ቃል ሁላችንም ያዝናት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ተራራው ስወጣ ከምንጩ አናት ያለው ችግኝ በሙሉ ተነቅሏል። ተነቅሎም አልተጣለም፤ በየጉድጓዱ አፍ ላይ ሥሩ ወደ ሰማይ ተገልብጦ ተቀምጧል። እንደ አልቃሽ ጮኽሁ። ዱላዬን ይዤ ቁልቁል ወደ ፋንታው ቤት ስሮጥ የደብራችን አለቃ አባ አምላኩ መንገድ ላይ ጋቢዬን ጨምድደው ያዙኝ።

"ደም ሳይፈስ አውጫጭኝ እንቀመጥ" አሉኝ።

አውጫጭኝ የአባቶቻችን ሕግ ነው። አጥፊው ሲሰወር አገሩ በሙሉ ይቀመጣል። አንድ ሰው ባንድ ጊዜ ብቻውን ይገባና ያየውን ለሦስት ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል። ማን እንደ ተናገረ አይገለጥም፤ "ወፏ ነገረችን" ይባላል እንጂ። ወፏ ስሙን የጠራችው ሰው ደግሞ ንጹሕ ከሆነ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ይምላል። መሐላው ሁለት ቃል ነው፦ "እኔ አላደረግሁም፤ ያደረገውንም አላውቅም።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተቀመጥን። ተራዬ ሲደርስ ገብቼ ተንበረከክሁና በአባ አምላኩ ጆሮ "ወፏ ፋንታውን አይታዋለች" አልሁ። "ንጋት ላይ ሲነቅል በዓይኗ አይታዋለች።"

አላየሁትም። ማንንም አላየሁም። ግን ካየ ሰው ይልቅ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ለእኔ ያ ይበቃኝ ነበር።

ፋንታው ተጠርቶ በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መቃኑን ያዘ።

"ሚካኤል ይፍረድብኝ፣ እኔ አልነቀልሁም። እጄ አልነካውም" አለ።

"ቀጥል ልጄ" አሉት አባ አምላኩ። "ያደረገውንም አላውቅም በል።"

ዝም አለ።

"በል እንጂ!"

"የመጀመሪያውን ምያለሁ። ሁለተኛውን አልምልም።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔን ብቻ። በኋላ ሌሊት ሌሊት ያ አስተያየት ይመጣብኛል፤ ያን ጊዜ ግን የናቀኝ መሰለኝ። "አልምልም ካለ እሱ ነው!" የሚል ጩኸት ከኋላ ተነሣ። ወንዱ ሁሉ ዱላውን አነሣ። ከሁሉም ቀድሜ የደረስሁ እኔ ነበርሁ።

ሦስት ጊዜ መታሁት። የመጀመሪያው ትከሻውን ነው። ሁለተኛው ጎኑን። ሲያጎነብስ ሦስተኛውን አነሣሁ፤ እሱም አንድ ነገር ሊለኝ ቀና አለ። ዱላዬ ጫፉ ላይ ብረት አለው። ዓይኑ ላይ አረፈ። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ወደቀ፤ ደሙ በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ ወረደ። አባ አምላኩ መስቀላቸውን ይዘው በላዩ ባይወድቁበት ሌላው ሰው ይጨርሰው ነበር።

በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በባጃጅ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ወሰዱት። ዓይኑን አወጡት። ፖሊስ ሲጠይቀው "ከገደል ወድቄ ነው" አለ። እንዲህ ማለቱን ስሰማ አጥፊነቱ አሳፍሮት ነው ብዬ ይበልጥ ናቅሁት። ሰው ሲደነቁር እንዲህ ነው።

መክሊት ሁለት ሳምንት ሆስፒታል አስታመመችው። ክርስትና አባቷ ነው ብዬ ተውኋት። እኔ በዝናብ ውስጥ ከችግኝ ማፍያችን የተረፈውን ችግኝ እያመጣሁ እንደ ገና እተክል ነበር። አንድ ቀን እንደዚያው ጎንበስ ብዬ ሳለሁ እግሯን ከፊቴ አየሁ።

"የነቀልሁት እኔ ነኝ" አለችኝ።

አልገባኝም። ደገመችልኝ።

"የእኔን ሲቆርጡ ስቆጥር ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው። ያንኑ ያህል ነቀልሁ። ክርስትና አባቴ ከብቱን ሊያሰማራ ሲወጣ አየኝ። እጄን ያዘና 'በቃሽ፣ ቤትሽ ግቢ' አለኝ። አውጫጭኙ ላይ ልናገር ስለው 'አባትሽ ይገድልሻል፤ ዝም በይ' ብሎ አስማለኝ።"

ዱላዬን አነሣሁ። ወደ ኋላ አላለችም።

"ይምቱ! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ አሁን አይጧ ራሷ መጣችልዎ!"

መታኋት። አልዋሽም፤ መታኋት። ትከሻዋን አገኘኋትና ጭቃው ላይ ወደቀች። ልደግማት ስሰነዝር ሁለት መዳፎቿን ዓይኖቿ ላይ አድርጋ አየሁ። ራሷን አይደለም፣ ጀርባዋን አይደለም፤ ዓይኖቿን ብቻ ነው የሸፈነችው። ክንዴ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ዝናቡ እየወረደብኝ ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ የፈራሁትም ራሴን ነው።

ፋንታው ከሆስፒታል ሲመለስ ልጁ ይሻው "ዓይን ላጠፋ ዓይን ነው" ብሎ ምሏል አሉ። እኔ ሽማግሌ ላክሁ። ዕርቁ ለመስከረም አሥራ ሁለት፣ ለሚካኤል ተቆረጠ። የዚያን ዕለት ገና ሳይነጋ መክሊትን በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር አሳፈርኋት። አልሄድም ብላ ታገለችኝ፤ ለመንኋት። ልጄን ስለምናት የመጀመሪያዬ ነው።

በደንቡ መሠረት ድንጋይ አንገቴ ላይ ተሸክሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ሕዝቡ መካከል ገባሁ። "ወፏ እኔ ነበርሁ። አላየሁትም፤ ዋሽቼ ነው" አልሁ። ሕዝቡ አጉረመረመ። "ይማርህ" የሚል ቃል እየጠበቅሁ ወደ ፋንታው እግር ሄድሁ።

"ድንጋይህን አውርድ" አለኝ ፋንታው። ባዶ ዓይኑ ላይ ጨርቅ አሥሯል። "ድንጋይ ምን ያደርግልኛል? ዋሸሁ ብትልም እኔ አልምልም ማለቴን ሕዝቡ አልረሳውም። ስሜ የወደቀው እዚህ በር ላይ ነው፤ ችግኝ ነቃይ ተብዬ አልሞትም። አባ፣ ያንኑ መሐላ እሱን ያስምሉልኝ።"

ሰው ግራ ገባው። እኔ ግን ምን ሊለኝ እንደፈለገ ገባኝ። አላውቅም ብዬ ብምል በሚካኤል ላይ ዋሸሁ። ስሟን ብጠራ ሕዝቡ ዱላ ይዟል፤ ዛሬ ባሕር ዳር ብትሆንም ነገ መመለሻዋ አገሯ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያስተማርሁ ራሴ ነኝ።

መቃኑን ያዝሁ።

"እኔ አልነቀልሁም" አልሁ።

"ቀጥል" አሉኝ አባ አምላኩ።

አልቀጠልሁም።

"ገሰሰ፣ ቀጥል!"

"የመጀመሪያውን ምያለሁ" አልሁ። "ሁለተኛውን አልምልም።"

ያ ጩኸት ተመልሶ ሲነሣ ሰማሁ። ዱላዎች ከትከሻ ወረዱ። ወደ ይሻው ሄድሁና ዱላዬን በብረቱ በኩል ይዤ ሰጠሁት። ከዚያ ተንበርክኬ ራሴን በሁለት እጄ ሸፈንሁ።

የመጀመሪያው ግራ እጄን ሰበረው። ሁለተኛው ቀኜን። ሦስተኛው ጀርባዬን መትቶ በግንባሬ ደፋኝ፤ አፌ አፈርና ደም ሞላ። አራተኛው ሲመጣ አየሩ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

"በቃ!" አለ ፋንታው። "ሦስት ነው የመታኝ።"

ይሻው ዱላውን ጉልበቱ ላይ ሰብሮ ወረወረው። ሕዝቡ ዱላውን ወደ ትከሻው መለሰ። የነቀለው ማን እንደሆነ አላወቁም፤ ፋንታው ለምን እንዳልማለ ግን ሁሉም ገባቸው። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ሄደው የፋንታውን ጉልበት ሳሙት። ሌላውም ተከተለ። እኔን ያነሣኝ አልነበረም፤ አባ አምላኩ ብቻ መጥተው በጋቢያቸው አፌን ጠረጉልኝ።

ማታውን ወጌሻ ቤት ነበርሁ። ሁለቱም እጆቼ በቀርከሃ ስንጣሪ ታስረው ጭኖቼ ላይ ተጋድመዋል። ፋንታው በሩ አጠገብ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ለምን እንደመጣ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ስልኬ ከኪሴ ጮኸ። ሁለታችንም አየነው። ሦስት ጊዜ ጮኾ ሲያበቃ እንደ ገና ጀመረ። ፋንታው እየተነጫነጨ ተነሥቶ ከኪሴ አወጣና ጆሮዬ ላይ ያዘልኝ።

"አባዬ!" አለች መክሊት። "መሐላ ጠየቁዎት አሉኝ። ማሉ?"

"አልማልሁም።"

"ስሜን…"

"ስምሽን የጠራ የለም።"

ስታለቅስ ሰማኋት። ግንቦት ላይ ያላለቀሰችውን ነው። እኔም አለቀስሁ፤ የማብስበት እጅ አልነበረኝም።

"ክርስትና አባቴስ?" አለችኝ በመጨረሻ። "ይቅር አለዎት?"

"ጠይቂው። እዚሁ ነው፤ ስልኩን የያዘልኝ እሱ ነው።"

ፋንታው ስልኩን ከጆሮዬ ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ አፉን አስጠጋ።

"አላልሁትም" አላት። "ስልክ ነው የያዝሁለት።"