ካስማ የማይመታበት ሰርግ

የእድራችን ድንኳን ተካይ እኔ ነኝ። ለሚ ኩራ፣ በእኛ ሰፈር፣ ለሰርግም ሆነ ለሐዘን ድንኳን የሚቆመው በእኔ እጅ ነው፤ ሰዲቅ የተከለው ድንኳን ደግሞ ወድቆ አያውቅም። ጉራ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ፣ ጉራ ነው።

ምስጢሩ ያለው ካስማው ላይ ነው። ረጅሙን ብረት አስፋልቱ ውስጥ እስከ አንገቱ በመዶሻ እቀብረዋለሁ። ሰው ሲበተን እነቅለዋለሁ፣ ቀዳዳው ይቀራል። ማን ቀዳዳ ያያል?

ዘርትሁን ያያል። ጎረቤቴ ነው፤ የመንገድ ኢንጂነር፣ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ ዓይኑ መሬት መሬት የሚያይ። አንድ ጠዋት በራፌ ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘሁት።

"ጋሽ ሰዲቅ፣ ይሄ ስንጥቅ ከየት ተነስቶ የት እንደሚሄድ ይከተሉት እስቲ" አለኝ።

ተከተልኩት። ከአንዱ የካስማ ቀዳዳ ተነስቶ ወደ ሌላው የካስማ ቀዳዳ ይሄዳል። ድንኳኔን አስፋልቱ ላይ የሳሉት ይመስላል።

"ውሃ በቀዳዳው ይገባና ከስር ያለውን ጠጠር ያላላዋል። ከዚያ መኪና ሲጫነው ይሰነጠቃል። አሁን ክር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጉድጓድ ይሆናል።"

"መኪና ሰነጠቀው በላ! እኔን ምን አርግ ትለኛለህ?"

ሳቀ እንጂ አልተወኝም። ሰፈሩን አስተባብሮ እኔንም መጥረጊያ አስያዘኝ። ስንጥቁን ጠረግን፣ አቧራውን በአየር ነፋን፣ ደረቅ መሆኑን አይተን ትኩስ ሬንጅ አፈሰስንበት፣ ጎማ እንዳያነሳውም አሸዋ በተንንበት። እውነቱን ልናገር፣ ሥራው ደስ አለኝ። አላፊ አግዳሚውን እያስቆምኩ "ይቺን መስመር ያፈሰስኳት እኔ ነኝ" እል ነበር።

ወዲያው የልጄ የሳና ሰርግ ደረሰ።

"ካስማ የለም፣ ጋሽ ሰዲቅ" አለ ዘርትሁን። "ገመዱን መኪኖች ላይ እናስራለን።"

ልመታው ምንም አልቀረኝም። የሰው ሁሉ ድንኳን ቆሞ የገዛ ልጄ ድንኳን ቢወድቅ ሰውን በምን ዓይኔ አያለሁ? ባለቤቴ ዘኪያ ግን "ራስህ ደፍነህ ራስህ ልትበሳው ነው?" ስትለኝ ካስማውን ወደ ዕቃ ቤት መለስኩ።

እናም ገመዱን በየማዕዘኑ የጎረቤት መኪና ላይ አሰርን፤ የበሩን ማዕዘን የያዘችው የዘርትሁን ቪትዝ ነበረች። "ማንም መኪናውን እንዳያንቀሳቅስ!" ብሎ ያወጀው ራሱ ዘርትሁን ነው።

ነፋስ መጣ፣ ድንኳኑ ንቅንቅ አላለም። ድቤው ደመቀ። ሙሽራው ሰፈራችን ሊደርስ ነው ሲባል ዘኪያ ከጓዳ "በረዶ አለቀ!" ብላ ጮኸች። ዘርትሁን ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ከሐሳቡ ይቀድማል። "እኔ አመጣለሁ!" ብሎ ቪትዟን አስነሳ።

"ዘርትሁን!" አልኩ። ዘግይቻለሁ። የኋላ ፓራውልቷ ተገንጥሎ ገመዱ ላይ ቀረ፣ ምሰሶው ዘመመ፣ ድንኳኑ በረጅሙ ተነፈሰና ሰርገኛው ላይ ተኛ። የተጎዳ የለም፤ ድቤው እንኳ ከሸራው ስር አላቋረጠም። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ምን ያደርጋል፣ ደፍነናታል።

ዘርትሁን ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። ከዕቃ ቤቴ ካስማና መዶሻ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ይምቱት፣ ጋሽ ሰዲቅ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በኋላ እደፍነዋለሁ።"

የሙሽራው አጀብ ጡሩምባ ከመታጠፊያው ይሰማል። መዶሻውን አነሳሁ። እግሬ ስር ያቺ ያፈሰስኳት ጥቁር መስመር አለች። እጄ እምቢ አለኝ።

"አልመታም!"

"ታዲያ ገመዱን ምን ላይ እንሰረው?"

"መኪናህንማ ሁለተኛ አላምናትም። አንተ ራስህ ያዘው!"

ሙሽራው ሲገባ ድንኳኔ ቆሞ ነበር። በሩ ላይ ኢንጂነሩ በሙሉ ሱፍ ገመዱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ፣ እግሩን አንፈራጦ ቆሟል። ልጄ ሳና ከሙሽራው ጎን ተነሳች፤ ለክርስቲያን እንግዶች ከተዘጋጀው ምግብ ቆርሳ፣ እጁ ስለተያዘ አጎረሰችው። የዚያን ጊዜ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደብቅም።

ካፊያ ጀመረ። ውሃው ጥቁሯ መስመር ላይ ደርሶ መግቢያ ሲያጣ ተንሸራቶ ወደ ቦዩ ሄደ። ዘርትሁን ይህን ለማየት ወገቡን አጠፍ ሲያደርግ የድንኳኑ ጥግ ረገብ አለ።

"ቀና በል!" ብዬ ጮህኩበት። "የእኔ ካስማ ጎንብሶ አያውቅም!"