የመስኖው በር ሲዘጋ

ፈይሳ ወንጂ ሸንኮራ እርሻ ውስጥ የመስኖ በር ከፋችና ዘጊ ነበር። አመሻሽ ላይ የብረቱ በር ሲጢጥ ብሎ ሲዘጋ፣ ሚስቱ ጉዲቱ ሊመጣ መሆኑን አውቃ የእግር ውሃ ትጥድለት ነበር።

ጉበቱ ላይ የወጣውን ካንሰር አዲስ አበባ ቆርጠው አወጡለት። በዓመቱ አገረሸበት።

«ነቅለነዋል አላላችሁም?» ብላ ሐኪሙን አፋጠጠችው።

«ስንቆርጥ ደም ፈሶት እንዳይሞት፣ ወደ ጉበቱ የሚሄደውን ደም ለጊዜው ዘግተን ነበር። ደም የተቋረጠበት ጉበት ግን ይጎዳል፤ ለተረፈ ካንሰር ሳይመቸው አይቀርም። እርግጡን አናውቅም፣ እህቴ።»

ፈይሳ ከተቀበረ ወዲህ መዝጋት የሚባል ነገር ያንገሸግሻታል። የመስኖውን በር አሁን ሌላ ሰው ነው የሚዘጋው። ለቀበሌ የስብሰባ ጥሩምባ እንኳ የማትነሳው ጉዲቱ ታዲያ፣ ብረቱ ሲጢጥ ሲል ብድግ ብላ ውሃውን ትጥዳለች።