ተቀምጦ የተለካው የጂንስ ጉርድ

ቤተሰቡ በሙሉ ጂንስ ለብሶ ለልጇ ሚስት ለመጠየቅ እንዲሄድ የወሰነችው ኬሌራ ናት።

«የአበባ ጨርቅ የማይለብስ ማን አለ? ባለፈው ወር ሦስት ሰርግ ሄድን፣ ሦስቱም ላይ ያው ቀይ አበባ! እኛ ሴቱም ወንዱም ሰማያዊ ጂንስ ነው የምንለብሰው» አለች። ምክር የጠየቀችው እንግዲህ ጥቅሉን ጨርቅ ከታቩዋ ከተማ ገበያ አስጭና ካመጣች በኋላ ነው። «አርባ ሁለት ሰው ቆጥሬ ነው የገዛሁት፤ ይበቃል።» የሙሽራው እናት ናት። ባሏ ኤሮኒ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። እንዲህ ያለች ሴት የመረጠችውን ጨርቅ አይሆንም የሚል አልተገኘም።

ኔማኒም እሺ አለ። የኤሮኒ ታናሽ ወንድም ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሸንኮራ አገዳ መኪና ሲነዳ ኖሮ ሆዱ ወደፊት ሄዷል፣ መቀመጫው ግን አብሮት አልሄደም። እሑድ እሑድ እንደ መንደሩ ወንዶች ሁሉ ወገብ ላይ ተደርቦ የሚታሰር ባለ ኪስ ጉርድ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ጉርዱ ጥቁር ነው፣ ስስ ነው፣ የባለቤቱን ጠባይ ካወቀ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። ጂንስ ግን የማንንም ጠባይ አያውቅም።

ኤሮኒ ሊሞት ሰሞን የኔማኒን እጅ ይዞ፣ «ልጄን የምትድርልኝ አንተ ነህ። ቃሉን አንተ ትናገርልኛለህ» ብሎታል። ቃሉን መናገር ማለት በልጅቷ አባቶች ፊት ምንጣፍ ላይ እግርን አጣጥፎ ተቀምጦ፣ እንደ ወጉ ለልጅቷ ወገን የሚሰጠውን የዓሣ ነባሪ ጥርስ በሁለት እጅ ይዞ፣ «ልጃችሁን ስጡን» ማለት ነው። ኔማኒ ደግሞ ከመኪናው ሞተር በስተቀር ለማንም ረጅም ንግግር አድርጎ አያውቅም። ጠዋት ጠዋት መሪውን ይዞ ይለማመዳል፤ ሲጨርስ «ጌታ ሆይ፣ አፌን ክፈትልኝ» ይላል። አፉ እንዲከፈት ሲጸልይ፣ ጉርዱ እንዳይከፈት አብሮ መጸለይ እንዳለበት ገና አላወቀም ነበር።

ሴቶቹ የወንዶቹን ጉርድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ በሦስት ልክ ሰፉ፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። ኔማኒ ትልቁን ለበሰ። ከሆዱ በላይ ቢያስረው ትንፋሽ ነሳው። ከሆዱ በታች ቢያስረው ሦስት እርምጃ አብሮት ሄደና አራተኛው ላይ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ወርዶ ቆመ። ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩ፤ ትከሻቸው ግን ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

«የአንተን ሺው ናራያን ይስፋው» አለችና ሚስቱ ቫሲቲ ያልተቆረጠ ጨርቅ ሰጠችው።

ሺው ናራያን ከታቩዋ ገበያ ጀርባ ሱቅ ያለው ልብስ ሰፊ ነው። በመንደሩ በጉርድ የተቀበረ ወንድ ካለ፣ ጉርዱን የሰፋው እሱ ነው። ኔማኒን ቀጥ አድርጎ አቁሞ ለካው፣ በሁለተኛው ቀን አለበሰው፣ መስታወት ፊት አዞረው። ኔማኒ ራሱን አየና፣ «ሚኒስትር መሰልኩ እኮ» አለ።

ሚኒስትሩ ቤቱ ገብቶ ምንጣፍ ላይ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ። ጂንሱ ግን እምቢ አለ። ፊት ለፊቱ እንደ መኪና ሸራ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ቀጥሎ ከጎን በኩል ተበረገደና ጉልበቱንም ጭኑንም ለቫሲቲ አስጎበኘ። በመጨረሻ የወገቡ ቁልፍ ተፈናጥሮ የድመቷን ጆሮ መታ። ድመቷ በመስኮት ወጣች፤ እስከ ማታም አልተመለሰች።

ቫሲቲ ሳቋን ከጨረሰች በኋላ ፊቷ ተለወጠ። «ኔማኒ፣ እዚያ ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ ብትሆን እስከ ልጅ ልጆቻቸው ድረስ ነው የሚያወሩት። ጥቁሩን ልበስ በቃ።»

«አርባ ሰው ሰማያዊ ለብሶ ተናጋሪው ብቻ ጥቁር? ኬሌራን ንቀሃል ነው የሚሉኝ።»

«ታዲያ ቃሉን ለታኒዬላ ስጠው።»

ታኒዬላ የአጎቱ ልጅ ነው፤ ቀጭን ነው፣ መናገርም ይወዳል። ባለፈው ዓመት የሰው ቀብር ላይ ተነሥቶ ስለ ራሱ የጉልበት ቀዶ ጥገና ተናግሯል። አንድ ሰርግ ላይ ደግሞ ለሙሽሪት አባት ስለ ሙሽራው የቀድሞ ፍቅረኛ በዝርዝር አጫውቷል። ኔማኒ ይህን እያሰበ በማግስቱ ጉርዱን በፌስታል ይዞ ሺው ናራያን ዘንድ ሄደ። ልጅቷን ለመጠየቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

«ምን ሆነ?» አለ ሺው።

«ተከፈተ።»

«የእኔ ስፌት አይከፈትም።»

«ሺው፣ ቁልፉ ድመቴን መትቷታል።»

«እዚህ ቆመህ አላየኸውም? ሚኒስትር መሰልኩ ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ቆሜማ ልክ ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የሚጠየቀው ቆሞ ነው እንዴ?»

ሺው ናራያን መነጽሩን አወለቀ። አርባ ዓመት ሙሉ የሰፋው ስስ ጨርቅ ነው፤ ስስ ጨርቅ ሰውዬው ሲቀመጥ አብሮት ይቀመጣል። ስለዚህ ማንንም ተቀመጥ ብሎ ለክቶ አያውቅም።

«ተቀመጥ» አለ።

«የት?»

«መሬት ላይ፤ እዚያ እንደምትቀመጠው።»

ኔማኒ ቁርጥራጭ ጨርቁና ክሩ መሃል እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሺውም ሜትሩን ይዞ እያቃሰተ አጠገቡ ተቀመጠ። የልጇን የትምህርት ቤት ልብስ ይዛ የመጣች ሴት በር ላይ ቆማ አየቻቸው።

«ሺው፣ ሰውዬው ታሟል እንዴ?»

«ደኅና ነው፣ እየተለካ ነው።» ሜትሩን ሁለት ጊዜ አነበበ። «አንተ ሰውዬ! ስትቀመጥ ወገብህ አንድ ስንዝር ይጨምራል።»

«ለማንም አትንገር።»

«እኔ የሠራሁት ለቆመው ኔማኒ ነው። የተቀመጠውን ዛሬ ገና መተዋወቄ ነው። ከውስጥ የሚደረብ ሌላ ክንፍ ያስፈልገዋል። ከዚያው ጨርቅ ሜትር ተኩል አምጣ።»

ገበያ ውስጥ ጥቅሉ አልቋል። ኔማኒ ጨርቁ የተሸጠበትን ሱቅ ሁለት ጊዜ ጠየቀ፤ ሁለት ጊዜም የለም ተባለ። እጅ ሰጠና ኬሌራ ቤት ሄደ። ልብስ እየተኮሰች አገኛት።

«ኬሌራ፣ ቃሉን ታኒዬላ ይናገር።»

«ምን አልክ?»

«ጉርዱ አልገጥም አለኝ።» የድመቷንም ነገር ነገራት።

ኬሌራ ካውያውን አስቀምጣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ቀጥሎ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ የታጠፈ የጂንስ ጨርቅ ይዛ ወጣች።

«ይህ የማን ነው?»

«የኤሮኒ።» ጨርቁን በእጇ ዳበሰችው። «ስገዛ አርባ ሁለት ብዬ ቆጠርኩ አይደል? ቤት ገብቼ ስቆርጠው የአንድ ሰው ተረፈኝ። ለካ እንደ ልማዴ እሱን አስቀድሜ ቆጥሬዋለሁ። ለሰው ልሰጠው ብል አልሆነልኝ፣ ልሸጠው ብል አልሆነልኝ።»

ኔማኒ እጁን ወደኋላ ሰበሰበ። «አይሆንም፣ እንዴት እወስደዋለሁ?»

«ውሰድ! እሱ እዚህ ቢኖር ምን የሚል ይመስልሃል?»

«ሆድህን ቀንስ ነበር የሚለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይሰጠኛል።»

ሺው ናራያን የኤሮኒን ጨርቅ ከውስጥ ደረበው፤ ሲቆም አይታይም፣ ሲቀመጥ ይዘረጋል። «ጂንስ ካልተለበሰ አይገራም። ሁለት ቀን ለብሰኸው ንዳ» ብሎ አዘዘው። ኔማኒ ለብሶት ነዳ። ፋብሪካው በር ላይ ተሰልፈው ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች እስኪበቃቸው ሳቁበት። «ኔማኒ፣ የመኪናውን ሸራ ለብሰህ አገዳውን ራቁቱን ትጭነዋለህ?» አሉት። እሱ ግን እየተነሣ እየተቀመጠ ጂንሱን አለማመደው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጅቷ መንደር ደረሱ። አዳራሹን በሰማያዊ ሞሉት። ከልጅቷ ወገን አንዲት ሴት፣ «ይህ ሁሉ ሰው ከየትኛው ጋራዥ ነው የመጣው?» ስትል ልጃገረዶቹ አፋቸውን ያዙ። ከፊት የልጅቷ ወንድ አያት ተቀምጠዋል። ፊታቸው ኮስታራ ነው። ሙቀቱ ያፍናል፣ እሳቸው ግን ማራገቢያቸውን ጭናቸው ላይ እንዳስቀመጡ አላነሡትም።

ኔማኒ ጎንበስ ብሎ ወደፊት መጣና ተቀመጠ። አንድ ትንፋሽ ጠበቀ። ምንም አልተፈናጠረም። ጂንሱ በሁለቱ ጉልበቶቹ ላይ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ተኛ፤ ጭኑ ላይ ደግሞ የውስጡ ድርብ ሞቀው። የዓሣ ነባሪውን ጥርስ በሁለት እጁ አነሣ። በዚያው ቅጽበት የተለማመደው ንግግር ሁሉ ጠፋው። ከኋላው ታኒዬላ በረጅሙ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቶቼ» አለ ኔማኒ ቶሎ ብሎ፣ «እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። ተናጋሪው ወንድሜ ነበር። ዛሬ እሱ የለም፤ ቢሆንም ብቻዬን አልመጣሁም። ከሱ የተረፈውን ይዤ ነው የመጣሁት፤ ልጁንም፣ ፍቅሩንም። ልጃችሁን ስጡን። እንደ እናንተው እናያታለን።»

ሌላ የሚለው አልነበረውም። ኬሌራ ነጠላ ጫማዋን እያየች ታለቅስ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ጥርሱን ተቀበሉ፣ ግንባራቸው አጠገብ አደረጉት፤ ሰዎቻቸውም እጃቸውን አጨበጨቡ። ልጅቷ ተሰጠች።

ኔማኒ «ተመስገን» ብሎ ሳይጨርስ ሽማግሌው በጣታቸው ጠሩት። ጭብጨባው ቆመ። በጉልበቱ ተጎትቶ ቀረባቸው።

«ይህን ማነው የሰፋልህ?» አሉት በጆሮው።

ማራገቢያውን በአንድ ጣት ከፍ አደረጉለት። ከሥሩ ጉርዳቸው ተበርግዶ የሽማግሌ ጉልበታቸው ያብረቀርቃል። ወዲያው መለሱት።

«ሺው ናራያን ነው አባቴ፤ ታቩዋ፣ ከገበያው ጀርባ» አለ ኔማኒ። «ግን ሊለካዎ ሲል ይቁሙ ካለዎ፣ እንዳይሰሙት።»