ከአክስቴ ሳጥን የወጡ ፈረሶች

ነገ የፈረስ ግልቢያ አለ። ዘንድሮ እኔም እጋልባለሁ። ሴት ልጅ ትጋልባለች ወይ ያለኝን ሁሉ "ፈረሴን ጠይቀው" ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ስሜ፣ ምሥራቅ፣ ከፈረሴ ከቦራ ጋር የፈረሰኞች ማኅበራችን ኮምፒውተር ላይ ገብቷል። ዛሬ ግን ለጥቂት ጠፍቼ ነበር።

ማኅበሩ እንጅባራ አንዲት ክፍል አለችው፤ እዚያ መዝገባችንን የያዙ፣ በስጦታ የመጡ ሦስት ሰርቨሮች ቀን ከሌት ያጓራሉ። የምትጠብቃቸው እህቴ ማስተዋል ናት። ክላስተር ናቸው አሉ፤ ለአንዱ የነገሩትን ሦስቱም ይይዛሉ፣ አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይሠራሉ። ሰብሳቢያችን ጋሽ አድማሴ ይኮሩባቸዋል።

"ሦስት እያሉን ደግሞ ባክአፕ የምትይው ሌላ ቅጂ ምን ያደርግልናል?" ይሏታል።

"እነዚህ ሲሳሳቱም አብረው ነው፣ ጋሼ።"

በየሳምንቱ ሁሉንም በሃርድ ዲስክ ገልብጣ ጫግኒ አክስታችን ቤት ትልከዋለች፤ ክፍሉ ቢቃጠል እንኳ እንዲተርፍ።

ዛሬ ጠዋት ጋሽ አድማሴ የሞቱ ፈረሶችን ከመዝገቡ ላጥራ ብለው ተቀመጡ። አንድ ቁልፍ ተጫኑ። የሞተውም በቁሙ ያለውም እልም አለ።

"ከሦስቱም?" አሉ ላብ እያጠመቃቸው።

"ታዛዦች እኮ ናቸው" አለች ማስተዋል።

"እንግዲህ የዱሮ ፈረሰኞችን በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ እነሱ ይጋልቡ። አዲሶቹ ለከርሞ።"

አዲሷ እኔ! ያለፈው ሳምንት ዲስክ ስሜን ይዟል። ሚኒባስ ተሳፍሬ ጫግኒ ወረድኩ።

አክስቴ ስሜነሽ ዲስኩን ለከፈናቸው ካስቀመጡት ነጠላ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። "እዚያ ማንም እጁን አይሰድም" አሉ።

"ይስጡኝ፣ ቸኩያለሁ።"

"ማስተዋል ከእኔ በቀር ለማንም እንዳይሰጡ ብላኛለች።"

"እህቷ አይደለሁም እንዴ?"

"አንቺንማ በስም ጠቅሳ ነው የከለከለችኝ፤ ፊልም ትጭንበታለች ብላ።"

ልደውል ብል ኔትወርክ የለም። "በሉ እርስዎ ዲስኩን ይያዙ፣ እኔ እርስዎን እይዛለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። ዲስኩን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠው ተነሡ።

ሚኒባሱ ውስጥ መቀነታቸውን እንደያዙ አልለቅ አሉ።

"ምን ይዘው ነው፣ እማማ?" አላቸው ረዳቱ።

"ፈረስ።"

"ስንት?"

"ያገሩን ሁሉ።"

"እንግዲያማ የጭነት ይክፈሉ!"

እንጅባራ ስንደርስ ዲስኩን ከማስተዋል እጅ ላይ ካላኖሩ አልተቀመጡም። ማስተዋል ሰካችው። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ አፈጠጥን። ከዚያ ስም በስም ላይ ይወርድ ጀመር።

"ቦራ! ያውና ቦራ!" ብዬ ጋሽ አድማሴን አቀፍኳቸው።

ቅጂው ከጠዋቱ ጽዳት በፊት የተወሰደ ነውና የሞቱትም አብረው መጡ። ጮክ ብዬ ሳነብ "ዝናቡ፤ ባለቤቱ ይኸነው" የሚል ላይ ደረስኩ። ይኸነው የአክስቴ ባል ናቸው፤ እሳቸውም ፈረሱም ካለፉ ቆይተዋል።

"እስቲ ድገሚው" አሉ አክስቴ። ደገምኩላቸው። ፊታቸው በራ።

ጋሽ አድማሴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው "የሞቱትን እንግዲህ..." ሊሉ ሲጀምሩ አክስቴ ዘወር አሉ።

"አድማሴ! እጅህን ሰብስብ።"

"ኧረ ሰብስቤያለሁ!" አሉ፤ ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

ማስተዋል የነገ የግልቢያ ቁጥሬን አትማ ሰጠችኝ። አክስቴን ቀና ብላ አየችና ለዝናቡም አንድ አተመችለት። ነገ የራሴን ደረቴ ላይ፣ የዝናቡን ቦራ ግንባር ላይ አድርጌ ሜዳ እወጣለሁ። ሁለት ፈረስ በአንድ ኮርቻ አይሄድም የሚል ካለ፣ መጀመሪያ ይድረስብኝ።