ልጅ መልእክተኛ አይሆንም
ተለማማጇ አንድ ቦታ መቀመጥ አልሆነላትም። ወንበሩ እሾህ ያበቀለ ይመስል ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ገልብጣ ታያለች። ቢሮ ውስጥ «አፈ ቅቤ» ይሏታል፤ ቆጣ ያለ ደብዳቤ ቢሰጧት አለስልሳ ትመልሰዋለች። «ልበ ጩቤ» የሚለው ግን እሷ ላይ አይሠራም፣ ልቧም ያው ቅቤ ነው። ወላጆቻቸው ለተለያዩባቸው ልጆች ሕግ እንዲወጣ የሚወተውተው ይህ ትንሽ ድርጅት ለልምምድ ሲቀበላት፣ አለቃዋ የወደደችላት ይህንኑ ነበር። የት ተማርሽው ያላት የለም።

የተማረችው እቤቷ ነው። እናትና አባቷ ከተለያዩ ወዲህ አንዱ የሌላውን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም፤ ነገሩ ሁሉ በእሷ በኩል ነው። እናቷ «ለዚያ ለአባትሽ ንገሪው፣ ዓይኑን ማየት አልፈልግም» ስትል፣ እሷ ለአባቷ «እማዬ ትንሽ ደክሟት ነው» ትለዋለች። አንጀት እያረረ ጥርስ ይስቃል ማለት እንዲህ ነው። ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል ማንም አይዞሽ ብሏት አያውቅም።

ዛሬ ረፋድ ላይ ረቂቅ ሕጉ ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ይቀርባል። አለቃዋ እንደ ዓይኗ ብሌን የምትሳሳለት አንድ አንቀጽ አለ፦ «ወላጆች በልጃቸው በኩል መልእክት አይለዋወጡም።» ትናንት ተለማማጇን ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ልካት ነበር። ሰውዬው ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ «ለአለቃሽ ንገሪያት፣ ይሄ አንቀጽ የሥራ ፈት ወሬ ነው። ነገ ራሴ አሰርዘዋለሁ» አሏት።

እሷስ ለአለቃዋ ምን አለች? «ሰብሳቢው ትንሽ ጥያቄ አለቻቸው እንጂ ክፉ አይደሉም።»

ሆን ብላ እንዳይመስላችሁ፤ አፏ ለምዶበት ነው። አለቃዋም ደስ ብሏት፣ ለአንቀጹ ሊከራከር የተዘጋጀውን ጠበቃ «ነገ አትልፋ» ብላ አሰናበተችው።

ስልኳ ነዘረ። እናቷ ናት፦ «አባትሽ ሚስቱን ይዞ ምረቃሽ ላይ የሚመጣ ከሆነ እኔን አትጠብቂኝ። ቁርጡን ንገሪው።» ወዲያው አባቷ ደግሞ፦ «እናትሽ ምን አለች?» ጣቷ እንደ ልማዱ «ደህና ናት፣ ብቻ...» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ያን ጊዜ የትናንቱ ትዝ አላት።

ሮጣ ስትገባ አለቃዋ ቦርሳዋን አንግታ ለመውጣት ተነስታለች።

«እትዬ፣ ሰብሳቢው ያሉትን በትክክል አልነገርኩዎትም።»

«ምንድነው ያሉት?»

አንዲት ቃል ሳትቀንስ ነገረቻት። የአለቃዋ ፊት በርበሬ መሰለ።

«ታዲያ እንዴት ክፉ አይደሉም ትይኛለሽ?»

«እኛ ቤት እንደዚያ ነው የሚባለው።»

አለቃዋ ስልኳን አንስታ ጠበቃውን «በፈጣሪ ይዤሃለሁ፣ አሁኑኑ ድረስልን!» አለችው። ከዚያ ዞር ብላ ተለማማጇን አየቻት፤ ቁጣዋ ወዴት እንደሚሄድ ጠፍቶት ፊቷ ላይ ቆሟል።

«ልጄ፣ ይሄን አንቀጽ ስትተይቢ ከርመሽ አንድም ቀን ስለ ራስሽ አላሰብሽም?»

«ለትንንሽ ልጆች መስሎኝ።»

ጠበቃው ክራቫቱን በእጁ እንደያዘ፣ ላብ አጥምቆት ምክር ቤቱ በር ላይ ደረሰላቸው። እሱና አለቃዋ ወደ ስብሰባው ሲገቡ ተለማማጇ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ወዲያ ትሄዳለች፣ ወዲህ ትመለሳለች። የጥበቃ ሠራተኛው «ወለሉን ልትጨርሺው ነው እኮ» ቢላትም አልሰማችውም። ከበሩ ጀርባ ሰብሳቢው ይጮሃሉ፣ ጠበቃውም ይመልስላቸዋል። አንቀጹ ገና አልተሰረዘም ማለት ነው።

አባቷ እንደገና ጻፈ፦ «ምን አለች?»

ደወለችለት። እናቷንም እዚያው መስመር ላይ አስገባቻት።

«ሁለታችሁም ትሰሙኛላችሁ። የምረቃዬን ነገር እናንተው ተነጋገሩ። እኔ ደክሞኛል።»

መስመሩ ተዘጋ ብላ ስልኩን ልታየው ስትል፣

«ማነው?» አለች እናቷ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቷ።



«ድምፅህ አረጀ» አለችው እናቷ።

ተለማማጇ አባቷን «ናፍቀሃት ነው» ልትለው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በእጇ ግጥም አድርጋ ያዘችው።