ጠይም ፊትና ነጭ ጋውን

የአዋላጆቹ አለቃ ማትሮኗ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ስትሻገር፣ ፎቶ አንሺዋ ከኋላዋ ቆማለች። የግድግዳው ቀለም ገና በሚሸተው የአዲሱ ማዋለጃ ክፍል ኮሪደር ላይ አራት ትልልቅ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። አራት አዋላጆች፣ አራት ነጭ ጋውኖች። ማትሮኗ የመጨረሻው ጋ ደረሰችና ዞራ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ነገር ስታይ ልማዷ እንዲህ ነው። የተወለደ ሕፃን ሲሰጧትም ከአናቱ እስከ እግር ጣቱ አይታ ስታበቃ እንደገና ከአናቱ ትጀምራለች።

"በይ እንጂ እትዬ፣ ተናገሪ" አለች ፎቶ አንሺዋ።

"ልናገር?"

"ለዚህ አይደል የጠራሁሽ።"

"እነዚህ ሰዎች አንድ ቤት የሚሠሩ አይመስሉም።" ማትሮኗ በአገጯ ጠቆመች። "ይቺ ከከሰል ጆንያ የወጣች ነው የምትመስለው። ይቺኛዋን ደግሞ ዱቄት ነስንሰሽባታል። የዚችኛዋ ጋውን ውኃ ነክቶት አያውቅም እንዴ? እኔ በየጠዋቱ አያቸዋለሁ እኮ። እንዲህ ሆነው ክፍሌ ቢገቡ ወደ ቤታቸው እመልሳቸው ነበር።"

ይህን ብላ፣ የታላቅነቷን ያህል የታናሿን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ወደ ሥራዋ ሄደች። ከምጥ ክፍል እየተጣራ ያለ ሰው ነበር።

ፎቶ አንሺዋ ብቻዋን ቀረች። መጀመሪያ ተናደደች። ቀጥሎ ፎቶዎቹን በእህቷ ዓይን አየቻቸውና ንዴቷ እንደ ጨው ሟሟ። እውነቷን ነበር።

ሰፈሩ "ባለጨርቋ" ይላታል። ሌላው ጨርቁን ጥሎ ሲያብድ እሷ ጨርቋን ተከናንባ አበደች እያሉ ይቀልዱባታል። ትልቁን የእንጨት ካሜራ በሦስት እግሩ አቁማ፣ ጥቁር ጨርቅ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ መስታወቱ ላይ ተገልብጦ የሚታየውን ሰው ስታስተካክል ያየ ሁሉ ይስቃል። አንስታ ስትሰጠው ግን ሳቁን ይተዋል። በስልክ ፎቶ ዓለሙ በተጥለቀለቀበት ዘመን፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ፊልም በየተራ እያጎረሰች የምታነሳ እሷ ብቻ ነበረች። በዚህም ትኮራለች።

ከሁሉ በላይ የምትኮራው ግን በፍሪጇ ነበር። ከመሃለኛው መደርደሪያ ጀምሮ እስከ ታች ድረስ የፊልም ካርቶን ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ረቂቁ፣ ፈጣኑ፣ ፋብሪካው የተዘጋው፣ ከባሕር ማዶ በሰው ሻንጣ የመጣው። የማጠቢያ መድኃኒቱም እንዲሁ በቡናማ ጠርሙስ ተደርድሯል። አንዱ አላረካ ሲላት ሌላውን ትከፍታለች፤ የሚቀጥለው ነው ልክ የሚሆነው ትላለች። አዋላጆቹንም እንዲሁ አነሳቻቸው። እያንዳንዷን በሌላ ፊልም አነሳች፣ በሌላ መድኃኒት አጠበች። ለየብቻ ሲታዩ አንዳቸውም አያስነውሩም። አንድ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ተጣሉ።

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ከቢሮው ብቅ አለ። "ግሩም ነው! ግሩም! ምናልባት ያቺን የመጀመሪያዋን ትንሽ ፈካ ቢያደርጉልን እንጂ ሌላው ግሩም ነው።"

"አራቱንም አወርዳቸዋለሁ።"

"ምን አሉኝ?"

"እንደገና አነሳቸዋለሁ። ለድካሙ ምንም አልጠይቅም።"

"ኧረ እባክዎ፣ የክፍሉ ምረቃ እየደረሰ ነው! ለእኛ እኮ በቂ ናቸው።"

"ለእናንተ ይበቁ ይሆናል" አለች መሰላሉን እየሳበች። "እነዚህ ሴቶች የዚህን ከተማ ግማሽ ተቀብለዋል። ይቺን ፈካ አላደርጋትም። ራሷን ነው የማደርጋት።"

ሥራ አስኪያጁ መሰላሉን ያዘላት።

ቤት ስትደርስ ባሏ ከፈረቃው ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ መልኩ እንደ እህቷ ጠይም፣ እንዲያውም ወደ ጥቁረት ያደላ።

"ነጩን ሸሚዝህን ልበስ" አለችው።

"ሠርግ አለ እንዴ?"

"መስኮቱ ጋ ትቀመጣለህ።"

ሹፌሩ ይህን ትእዛዝ ያውቀዋል። በረጅሙ ተነፈሰና ሸሚዙን ለበሰ።

ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ጠይም ፊትና ነጭ ልብስ አንድ ፎቶ ላይ ሲገናኙ ይሻማሉ። ለፊቱ በቂ ብርሃን ስትሰጪ ልብሱ ይነድና ባዶ ወረቀት ይሆናል፤ ለልብሱ ስትሳሺ ፊቱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱን የሚያስታርቅ ፊልምና መድኃኒት መኖር አለበት። እሷም ዓመታት ሙሉ ፈልጋዋለች፤ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ እየቀያየረች ስለነበር አግኝታው ይሁን አልፋው ሄዳ ማወቅ አልቻለችም። አሁን ወንበሩን አላንቀሳቀሰችም፤ መስኮቱን አልቀየረችም። ሰውየውም፣ ሸሚዙም ያው ናቸው። ፊልሙን ብቻ እየለወጠች አነሳች። ሌላ ቀን ደግሞ መድኃኒቱን ብቻ።

"ኧረ ሴትዮ፣ ፊቴ አለቀ!" አለ ሹፌሩ ጥቂት ቀናት ካለፉ በኋላ።

"ሰፊ ነው፣ አያልቅም።"

"ተሳፋሪ እንኳን እንዲህ ትክ ብሎ አያየኝም።"

"አትንቀሳቀስ።"

መሰላቸቱን ለመርሳት ለፊልሞቹ ስም ያወጣላቸው ጀመር። ሁሉን ግራጫ የሚያደርገውን "አኩራፊው" አለው። ነጩን እንደ መብራት የሚያበራው "ጉረኛው" ሆነ። ውዱና ረቂቁ ደግሞ "ቅንጡው" ተባለ። እሷ ልቧ ቅንጡው ላይ ነበር። ስንት ነገር የተባለለት ነው፤ ምርጫው እዚያ እንዲያርፍ ፈልጋ ነበር። የታጠቡትን ነጋቲቮች መስኮቱ ላይ ለጥፋ ስትመረምር ግን ዓይኗ ሳትፈቅድለት ደጋግሞ አንዱ ላይ ያርፍ ጀመር። ስም እንኳን ያልወጣለት፣ በየሱቁ የሚገኝ፣ ተማሪ የሚለማመድበት ፊልም ነው። መድኃኒቱም እንግዳ አልነበረም፤ ሙያውን ስትጀምር የምታውቀው የድሮው ሰው መድኃኒት ነው። ድሮ ወፍራም አድርጋ በችኮላ ስለምትጠቀምበት ነበር የጠላችው።

ጨለማ ክፍሏ ገብታ መድኃኒቱን በውኃ አቀጠነችው። ሳህኑን በዝግታ ታወዛውዛለች፣ ትተወዋለች፣ እንደገና ታወዛውዛለች። መድኃኒቱ ሲቀጥን ነጩ ልብስ ድርሻውን ቶሎ ይጨርስና ይቆማል። ፊቱ ግን እየተጎነጨ፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ሲነሳ ለፊቱ ብርሃን አትረፍርፋ ሰጥታለች፤ ሲታጠብ ለልብሱ ከመድኃኒቱ ቆጥባለች። የሚያስፈልገው ይኸው ነበር፤ እሷ ደግሞ በየጠርሙሱ ትፈልገው ነበር።

የታተመውን ፎቶ ገና ውኃው እየተንጠባጠበ ይዛ ወጣች። የሸሚዙ ኮሌታ ስፌቱ ይታያል፤ እጥፋቱ ነጭ ነው፣ ነጭ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነጭ አለ። የባሏ ግንባር እንደተወለወለ እንጨት ያበራል። ከዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት ከጉንጩ ጥቁረት ይለያል፤ የጉንጩም ከአንገቱ ይለያል።

ሹፌሩ ተቀብሏት ወደ መስኮቱ ወሰደው፤ ዓይኑ ጋ አስጠግቶ አየው፣ መልሶ አራቀው።

"ምነው?" አለችው።

"እኔ ነኝ። በመንጃ ፈቃዴ ላይ ያለውን ሰውዬ እኮ ፖሊሱ ሁሉ አንተ ነህ ወይ ይለኛል። ይሄን ግን ማንም አይጠይቀኝም። ይሄኛው ፊልም ማን ይባላል?"

"ገና ስም አላወጣህለትም።"

"ዝምተኛው በይው።"

በማግስቱ ቅንጡውን፣ ጉረኛውንና አኩራፊውን ከነጠርሙሶቻቸው በሁለት ካርቶን ሞልታ፣ ፎቶ ለሚያስተምረው የሙያ ማሰልጠኛ ሰጠች። ከባሕር ማዶ የመጣውንም አላስቀረችም። ስትመለስ ባሏ ባዶውን መደርደሪያ በውኃ ጠርሙስ ሞልቶት፣ በሩን ከፍቶ በኩራት ያያል። "ፍሪጃችን ፍሪጅ ሆነ!" አለ።

አዋላጆቹን እንደገና አነሳቻቸው፤ አራቱን ብቻ ሳይሆን የቀሩትንም። ሁሉም በዝምተኛው፣ በዚያው በቀጠነው መድኃኒት። ፎቶዎቹን ሰቅላ ስትጨርስ እህቷን አልጠራቻትም። ማትሮኗ ግን በኮሪደሩ ስታልፍ ቆመች። ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው አየች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ተመልሳ ጀመረች። ሴቶቹ እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ጠይም፣ አንዷ ጥቁር። ጋውናቸው ግን ያው አንድ ጋውን ነው፤ ብርሃኑም የአንድ ቤት ብርሃን። ቀድሞ ከሰል ትመስል የነበረችው ረጅሟ አዋላጅ አሁን ፊቷ ላይ ያለው ፈገግታ ሳይቀር ይነበባል። ቀና ብላ፣ ግድግዳውን የራሷ አድርጋው ቆማለች።

"ረጅሟ ልጇን ይዛ መጥታ ነበር" አለች ፎቶ አንሺዋ። "ልጅቷ 'እማዬ' ብላ ፎቶውን ልትስም ዘለለች።"

ማትሮኗ በጣቷ የአንዱን ፎቶ ጠርዝ አቃናች። "ነገ ጋውኔን እተኩሳለሁ" አለችና ሄደች።

ፎቶ አንሺዋ ቆማ ቀረች። እህቷ ጡረታ ልትወጣ ነው፤ በአገልግሎት ዘመኗ ሁሉ ካሜራ ስታይ በር ዘግታ የምትሄድ ሴት ነች። ለዚህ ግድግዳም ለምነዋት እምቢ ብላ ነበር።

በበነጋው ጠዋት ማትሮኗ በቢሮዋ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። አዋላጆቹ በሩ ላይ ተጠቅጥቀው ያያሉ፤ በዓይኗ ብትገላምጣቸውም አልሄዱም።

"የምርቃቴን ፎቶ ታስታውሻለሽ?" አለች ቀስ ብላ።

"ሳሎን የነበረውን?"

"ኮፍያና ጥርስ ብቻ ነኝ እዚያ ላይ። እናታችን እንግዳ ሲመጣ 'ልጄ ይቺ ናት' እያለች በጣቷ ትጠቁም ነበር። ካልጠቆመች ማንም አያገኘኝማ። ከዚያ ወዲህ ፎቶ ለምን ልነሳ?"

ፎቶ አንሺዋ ጨርቁን ተከናነበች። መስታወቱ ላይ እህቷ ተገልብጣ ተቀምጣለች፤ የተተኮሰው ጋውን፣ ቀጥ ያለው አንገት፣ ስንቱን ምጥ ያየው ዓይን። ብርሃኑን ለካች። ፊልሙን አስገባች። ከጨርቁ ወጥታ ካሜራው ጎን ቆመች፣ እህቷን በቀጥታ እንድታያት።

"እኔን እይኝ፣ እትዬ።"

ማትሮኗ አየቻት። ካሜራው ቀጭ አለ።

የፊልም መያዣው ሁለት ፊት አለው፤ በየፊቱ አንድ አንድ ፊልም ይይዛል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል ተብሎ ሁልጊዜ ይገለበጥና ሁለተኛው ይነሳል፤ ባለሙያ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ፎቶ አንሺዋ መያዣውን አወጣች። እጇ ሊገለብጠው ጀመረ፤ መሃል ላይ ቆመ። ምን ያህል ብርሃን እንደሰጠች ታውቃለች። ፊልሙ ምን እንደሚያደርግ፣ መድኃኒቱ የት ላይ እንደሚቆምም ታውቃለች። መያዣውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ሁለተኛውስ?" አለች ማትሮኗ ከወንበሯ ሳትነሳ። "የሌሎቹን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነሳሽው።"

"የአንቺ አንድ ይበቃል" አለች ፎቶ አንሺዋ፣ ካሜራዋን እያጠፈች። "ተነሺ በይ፣ ሥራ ይጠብቅሻል።"