አንድም ስህተት የሌለበት ወረቀት

እኔ ሹፌር ነኝ። አምቡላንስ እነዳለሁ እንጂ አልጽፍም፤ ለዚህም ፈጣሪን በየቀኑ አመሰግናለሁ። በጣቢያችን የታማሚውን ወረቀት የሚጽፉት የሕክምና ረዳቶቹ ናቸው፤ መከራውም የነሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በስቶይና ነው። ስቶይና ሃያ ሰባት ዓመት አብራኝ የሠራች ረዳት ናት። ከሞት አፍ ያወጣቻቸው ሰዎች ቢቆጠሩ ግማሹ ከተማ ሻማ ሊያበራላት ይገባ ነበር። ስትጽፍ ግን ብዕሩ ራሱ ያለቅሳል። ባለፈው ክረምት በአንድ ወረቀት ላይ «ሟቹ ሆስፒታል አልሄድም ብሎ ተሳድቦ በእግሩ ሄደ» አለች። ታማሚው ማለቷ ነበር። የክልሉ ቢሮ ሰዎች ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ተላላኩት፤ ስቀው ሲያበቁ ደግሞ ተቆጡ።

አለቃችን ዶክተር ራንገሎቭ ከበላይ የመጣ ቁጣን በእጥፍ አድርጎ ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነው። በማግስቱ ትእዛዝ ለጠፈ። ከሦስት በላይ የፊደል ስህተት ያለበት ወረቀት ይመለሳል። ሆስፒታል ስንደርስ በቃል ማስረዳት ክልክል ነው፤ የሚታመነው የተጻፈው ብቻ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ፈተና አለ፤ የወደቀ ከአምቡላንስ ወርዶ የአንሶላ መጋዘን ይጠብቃል። የልብ መመርመሪያችን ወረቀት ካለቀ ስንት ጊዜው! ለፈተናው የሚሆን ወረቀት ግን በካርቶን መጣልን።

አስተማሪ ሆነው የተቀጠሩት ጡረተኛዋ መምህርት ዝላቲና ናቸው። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ከእጃቸው አይጠፋም። በየምሰሶው የሚለጠፈውን የሙታን ማስታወቂያ ሳይቀር እያረሙ ነው የሚያልፉት። አንዴ አንዲት ሐዘንተኛ አይታቸው ብትጮህባቸው፣ «ልጄ፣ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በሥርዓት ኖሮ በስህተት ይሸኝ?» አሏት።

ስቶይና እፊታቸው እንደ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ተኮራምታ ትቀመጥ ነበር።

«ይህ ቃል ምንድን ነው?» ይሏታል።

«ትንፋሽ ማጠር ነው፣ መምህርት።»

«እኔ ደግሞ ዶሮ የጫረችው መስሎኝ።»

«ሰው መተንፈስ ሲያቅተው እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ውሸታም! ባለቤቴ ታሞ ስታነሺው አይቼሻለሁ፤ እጅሽ ንቅንቅ አላለም። ሰነፍ ነሽ እንጂ!»

በልምምድ ፈተናው ስቶይና ሁለት አገኘች፤ ሁለት ማለት መውደቅ ነው። የዚያን ቀን መኪና ውስጥ ገብታ የሱፍ ፍሬዋን እንኳ አልቆረጠመችም። «ጋንቾ» አለችኝ፣ «እኔ እኮ ሌላ ነገር አላውቅም። አንሶላ ስቆጥር ልሙት?» ሞተሩን አስነሣሁ።

አዲሱ ልጅ ፕላመን ግን ስድስት ከስድስት ደፈነ። ዘዴው ቀላል ነበር፤ አጻጻፉን እርግጠኛ ያልሆነበትን ቃል ጨርሶ አይጽፍም። ሌሎቹም ወዲያው ተከተሉት። በሁለት ወር ውስጥ የከተማችን ሕዝብ ሦስት በሽታ ብቻ ቀረው፦ ድካም፣ ማዞርና ሆድ ቁርጠት። ከጣሪያ የወደቀው ደከመው፤ ንብ የነደፈው ዞረበት፤ ምጥ የያዛት ሆዷን ቆረጣት። ዶክተር ራንገሎቭ የስህተቱን ቁጥር ቁልቁል መውረድ በሥዕል አሠርቶ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ያንን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ያቃጥለኝ ነበር፤ ግን ሹፌርን ማን ይጠይቃል?

የፈተናው ቀን ደረሰ። አራት ሰዓት ቢሞላም መምህርት ዝላቲና አልመጡም። አለቃው «ሰዓት ይከበራል!» ብሎ ጽሑፉን ራሱ እያነበበ ማጻፍ ጀመረ። ስቶይና ወረቀቷ ላይ ተደፍታ ላቧን ስትጠርግ ትቻት ወጣሁ። ጥሪ መጥቷል፤ በልምምዱ ውጤት ከፈተናው ነፃ የሆነው ፕላመን አብሮኝ ሄደ።

የተጠራነው መምህርት ዝላቲና ቤት ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል፤ ግራ እጃቸውን በቀኛቸው ጨብጠዋል።

«ልብ ነው» አለኝ ፕላመን በሹክሹክታ። «የደም ሥሩ ተዘግቷል።»

ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ያንን አልነፍገውም። ኦክስጅን ሰጣቸው፤ ክኒን አስዋጣቸው። መጻፍ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። የበሽታው ስም ረጅም ነው።

«ጻፈው እንጂ!» አልኩት ከመሪው ሆኜ።

«ጋሽ ጋንቾ፣ እሳቸው እያዩኝ? ብሳሳትስ?»

ሆስፒታሉ ከጣቢያችን አጥር ማዶ ነው። ተረኛዋ ዶክተር ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። በሚያምር ጽሕፈት «ድካም፣ ማዞር» ይላል።

«ማን ያልደከመው አለ?» አለች። «አግዳሚው ላይ ተራ ይጠብቁ።»

«ልባቸው ነው፣ ዶክተር!» አልኳት።

«የት ተጻፈ?»

«እኔ ልንገርሽ እንጂ!»

«በቃል አንቀበልም። የናንተው አለቃ ያወጣው ሕግ ነው።»

ፕላመን መሬት መሬት ያያል። አንገቱን ይዤ ልወዘውዘው አማረኝ። ከዚህ ልጅ ጋር ስሟገት ሴትዮዋ ሊሞቱ ነው ብዬ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ሮጥኩ። የፈተናውን ክፍል በር በርግጄ፣ «ስቶይና! መምህርት ልባቸውን አሟቸዋል፤ ኮሪደር ላይ አስቀምጠዋቸዋል!» አልኩ።

ስቶይና ብድግ አለች።

«ከዚህ በር የወጣ ወድቋል» አለ ዶክተር ራንገሎቭ።

ስቶይና በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

ሆስፒታል ገብታ ወረቀቱን ከተረኛዋ እጅ መነጨቀች። በፕላመን ቆንጆ ጽሕፈት ላይ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በትልልቁ ስድስት ቃል ጻፈችበት፦ የልብ ደም ሥራቸው ተዘግቷል፣ ቶሎ፣ አሁኑኑ። እኔ እንኳ ሹፌሩ ከስድስቱ አምስቱ መሳሳታቸው ታየኝ። ተረኛዋ አነበበችና ፈገግ አለች። ከዚያ ቀና ብላ መምህርትን ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻቸው፤ ፈገግታዋም ጠፋ። አልጋው እየተገፋ ሲሄድ ስቶይና ጠርዙን ይዛ ትሮጥ ነበር።

በአራተኛው ቀን እኔና ስቶይና ልንጠይቃቸው ሄድን። አለቃው አበባ ይዞ ቀድሞናል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መምህርት ትራስ ተደግፈው ያን ወረቀት ያነባሉ። ማን እንዳመጣላቸው አልናገርም፤ ሹፌር ብዙ ቦታ ይገባል። ቀዩ እስክሪብቶ በእጃቸው ነው።

«መምህርት፣ መቼም ሕግ ሕግ ነው» አለ አለቃው ስቶይናን ሲያይ። «ፈተናውን ጥላ ወጥታለች፤ ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ናት።»

«ፈታኟ ማን ናት?» አሉት።

«እርስዎ ነዎት እንጂ።»

«የሌለሁበትን ፈተና አላርምም። ያረምኩት ይህን ነው።»

ወረቀቱን ዘረጉለት። ከፕላመን ጽሕፈት አጠገብ አንድም እርማት የለም፤ ግርጌው ላይ «ሁለት» ይላል። የስቶይና ስድስት ቃላት በቀይ ተለቅልቀዋል፤ ግርጌያቸው ላይ «ስድስት» ተብሎ ተፈርሞበታል። ዶክተር ራንገሎቭ አበባውን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

ስቶይና ፊቷ ቀላ። «መምህርት፣ አምስት ስህተት አለው እኮ!» አለች።

«አውቃለሁ፤ ቆጥሬዋለሁ። ቅዳሜ መጥተሽ እያንዳንዱን ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ትጽፊዋለሽ።» እጇን ያዙና አልለቀቋትም። «ሞቼ ምሰሶ ላይ ብለጠፍ ኖሮ እኔን ማን ያርመኝ ነበር?»